ያልተሰቀለችው ባንዲራ

ሸዋንዳኝን ቢሮ ውስጥ በሙሉ ስሙ የሚጠራው የለም። ህንዱም፣ ግብፁም፣ ፊሊፒኖውም «ሸዋ» ብለው ክፍለ ሀገር አድርገውት አርፈዋል። እሱም አላረማቸውም። ሰው ማረም አይሆንለትም። ኮምፒውተር ላይ ሲሆን ግን ሌላ ፍጡር ነው፤ ከብዙ ሺህ መስመር መሀል የተጣመመችውን አንዷን ለቅሞ ሳያቃና ምሳ አይበላም። ምላሱ የሚታሰረው ሰው ፊት ሲቆም ነው።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። አዲስ አበባ ተምሮ ጥቂት ከሠራ በኋላ ዱባይ ያለ አንድ መካከለኛ የሶፍትዌር ኩባንያ ቀጠረውና መጣ። ሥራው ዱባይ ይሁን እንጂ ኑሮው አጅማን ነው፤ የዱባይ የቤት ኪራይ ቤተሰብ ባለው ሰው ላይ ያሾፋል። ከሚስቱ ከትብለጥና ከልጃቸው ከያብሰራ ጋር አል ራሺዲያ ውስጥ፣ መስኮቷ ከጎረቤት ሕንጻ ግድግዳ ጋር የተፋጠጠች ባለ አንድ መኝታ አፓርታማ ተከራይተዋል። ጠዋት በኸይሩ ካር ሊፍት፣ ማለትም በወር ክፍያ ሠራተኛ በምታመላልስ ሚኒባስ፣ ወደ ዱባይ ይሄዳል፤ ማታ በዚያችው ይመለሳል። መሀል ላይ ሻርጃ አለች። ጠዋት ሻርጃ ውስጥ የገባ መኪና መቼ እንደሚወጣ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ኸይሩ የጅማ ሰው ነው፤ ከአማርኛው ይልቅ የመንገዱ አረብኛ ይቀድመዋል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲቆም እጁን ከመሪው ላይ ያነሳና «ኸላስ፣ ዛሬም ታሰርን» ይላል። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያወጣል።

የሸዋንዳኝ ኑሮ ራሱ እንዲህ እርስ በርሱ እንደተያያዘ የመኪና ሰልፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የትብለጥና የያብሰራ የመኖሪያ ፈቃድ በእሱ ስም ነው። የእሱ ደግሞ በኩባንያው ነው። ኩባንያው ውስጥ ያስቀጠሩት፣ እስካሁንም የያዙት፣ ሚስተር ቶማስ የሚባሉ የህንዷ ኬረላ ሰው ናቸው። አንዱ ከተመዘዘ ሁሉም ተያይዞ ይመዘዛል።

ሚስተር ቶማስ ክፉ አለቃ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተጻፈ ነበር። ክፉ አለቃን መቃወም ቀላል ነው። እሳቸው ግን ትብለጥን ምጥ የያዛት ዕለት ታክሲ ሲጠፋ ፒጃማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ከሻርጃ መኪናቸውን አስነስተው መጥተው ሆስፒታል ያደረሱ ሰው ናቸው። በያመቱ ለገና ኬክ ይልካሉ፤ ለፈረንጁም ለእኛም፣ ሁለት ጊዜ። ሽበታም፣ ለስላሳ፣ ሰው ሲያማክራቸው መነጽራቸውን አውልቀው የሚሰሙ። ሸዋንዳኝ በልቡ «እሳቸው» እያለ ነው የሚያስባቸው። እንዲህ ያለውን ሰው «ተሳስተዋል» ለማለት የሚበቃ አፍ ከየት ይምጣ?

ትብለጥ አገር ቤት ሳለች ፋርማሲስት ነበረች። እዚህ ፈቃዷን ለማስለወጥ ሞክራ፣ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላልሳ፣ በመጨረሻ ተወችው። አሁን ልጅ ታሳድጋለች፣ ቤት ትይዛለች። አታማርርም። ሸዋንዳኝ በዚህ ፈጣሪውን ያመሰግናል። ቤተ ክርስቲያን ከጸሎት በኋላ ወንዶቹ ተሰብስበው የየሚስቶቻቸውን ንጭንጭ ሲያወሩ እሱ «የእኔዋ ለምዳዋለች» ይላል፤ ኩራትም ይሰማዋል።

አሁን ስለ ሥራው ትንሽ ማውራት ግድ ነው። አንባቢ አይሽሽ፤ እንደሚፈራው አይደለም። ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ ፎቶም ይሁን መልእክት፣ ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ነው የሚጓዘው። ጥቅሉን ፓኬት ይሉታል። እህል በጆንያ ሲላክ ላኪው ስንት ቁና እንደሆነ ጆንያው ላይ እንደሚጽፈው፣ እያንዳንዱ ፓኬትም ከውስጡ ካለው ነገር ተሰልቶ የወጣ ቁጥር ይዞ ይሄዳል። ቼክሰም የሚባለው ይህ ቁጥር ነው። ተቀባዩ እንደገና ያሰላል፤ ከገጠመ ደህና ደርሷል፣ ካልገጠመ መንገድ ላይ ተበላሽቷል። ለአንድ ፓኬት ይህ ስሌት ምንም አይደለም። እንደ ጎርፍ ሲመጡ ግን የኮምፒውተሩን ወገብ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሥራው ኮምፒውተሩን ከመስመር ለሚያገናኘው ለኔትወርክ ካርዱ ተሰጠ፤ በር ላይ ሆኖ ይመረምርና ፓኬቱ ላይ ትንሽ ምልክት ይሰቅላል። ባለሙያዎቹ ባንዲራ ይሏታል። ውስጥ ያለው ፕሮግራም ባንዲራዋን አይቶ ያምናል፤ ደግሞ አያሰላም።

ጣጣው ያለው ባንዲራዋ ምን ትበል የሚለው ላይ ነው። ሚስተር ቶማስ አንዲት ባንዲራ ብቻ ነደፉ፤ «ተበላሽቷል» የምትል። ከተሰቀለች ፓኬቱ ይጣላል፤ ካልተሰቀለች ደህና ነው ተብሎ ያልፋል። ፈጣን ነው፣ ቀላል ነው፣ አለቆች ፊት ለማስረዳትም ያምራል። ፕሮግራሙን የሚጠብቀው ደንበኛ ሻርጃና አጅማን ቅርንጫፎች ያሉት የሕክምና ምርመራ ማዕከል ነበር። የበሽተኞች የስካን ምስሎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ቶሎ እንዲደርሱለት ይፈልጋል።

ሸዋንዳኝ ንድፉን ገና ሲያነበው ከነከነው። ባንዲራዋ ካልተሰቀለች ካርዱ መርምሮ ደህና ነው ብሏል ማለት ነው? ወይስ ጭራሽ አላየውም? ዘበኛ «ሌባ» ብሎ ካልጮኸ ሌባ ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ ዘበኛው ተኝቶም ሊሆን ይችላል። ንድፉ ግን ሁለቱን አንድ አድርጓቸዋል።

በዚያ ቡድን አንድ ልማድ አለ። አዲስ ንድፍ ሰኞ ለሁሉም ይላካል፤ ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ይጽፋል፤ ዝም ያለ ተስማምቷል ተብሎ ሥራው ይቀጥላል። ሸዋንዳኝ ይህን ያውቃል። ነገር ግን ከዚህ ልማድ በታች ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣው ሌላ ልማድ አለበት። እሱ ባደገበት ቤት የታላቅ ሰው ነገር ያልተዋጠለት አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል። ታላቁም ዝምታውን ያይና «ምነው ልጄ፣ ቅር ያለህ ነገር አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ነው አፍ የሚከፈተው። ስለዚህ ሸዋንዳኝ ሳምንቱን ሙሉ ሚስተር ቶማስ እስኪጠይቁት በዝምታ ጠበቀ። እንዲያውም ኮሪደር ላይ ሲተላለፉ ሆን ብሎ ፊቱን ጨፍገግ አደረገላቸው። እሳቸው ትከሻውን መታ መታ አድርገው ልጅቷ እንቅልፍ ከልክላው እንደሆነ ጠይቀው አለፉ።

ሐሙስ መጣ፣ ሄደ። በስብሰባው ላይ ሚስተር ቶማስ ንድፉ መጽደቁን ሲናገሩ ወደ እሱ ዞር ብለው «ሸዋ አይቶታል። ሸዋ አይቶት ዝም ካለ እኔ ተኝቼ አድራለሁ» አሉ። ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። ሸዋንዳኝም ፈገግ አለ፤ ምን ያድርግ።

ቢሆንም እጁ አላረፈለትም። ደንበኛው ጋ ካሉት ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ያረጀ ካርድ ከመጋዘን አስወጥቶ ሞከረው። ፓኬት አንዳንዴ በሌላ ፓኬት ውስጥ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ በቅርንጫፎች መካከል የሚላክ ሁሉ እንደዚያ ነው። አሮጌው ካርድ የሚመረምረው የውጪውን ብቻ ነበር። የውስጡን አያየውም፤ ስላላየውም ምንም አይሰቅልም። ሸዋንዳኝ የውስጡን ፓኬት ሆን ብሎ አበላሸና ላከው። ፓኬቱ ደህና ነው ተብሎ በኩራት አለፈ። እንደገና ላከ፣ እንደገና አለፈ። አንድ ሰው ስካን ተነስቶ ምስሉ መንገድ ላይ ቢበላሽ ሐኪሙ የሚያየው የተበላሸውን ነው፤ ተበላሽቷል የሚለውም የለም። ሸዋንዳኝ ከወንበሩ ተነስቶ ውኃ ጠጣ።

አሁን እንዴት ይናገር? የተቃውሞው ጊዜ አልፏል፤ ስሙም ካጸደቁት ጋር ተቆጥሯል። ሚስተር ቶማስ በእሱ ዝምታ ተማምነው ለላይኞቹ ቃል ገብተዋል፤ ደንበኛው የሚረከብበት ቀን ደርሷል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሸዋንዳኝ የሥራ ውል ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። ላይኞቹ ዘንድሮ ውል የሚያድሱት ለጥቂቶች ብቻ ነው ተብሎ ቢሮው ውስጥ ይወራል። ርክክቡን ያስተጓጎለ ሰው ከጥቂቶቹ ይሆናል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። ቢናገር ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ የትብለጥና የያብሰራ ኑሮ ይፈርሳል። ዝም ቢል ደግሞ የማያውቀው በሽተኛ አለ። በየትም በኩል ቢዞር ግድግዳ ነው።

በዚያ ሰሞን የኸይሩ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሻርጃ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው፣ በሐሳቡ ባንዲራዎች ይሰቅልና ያወርድ ነበር። አንዲት አትበቃም። «ተመርምሮ ደህና ሆኗል» የምትል ትኑር። «ተመርምሮ ተበላሽቷል» የምትል ትኑር። ከዚያው ማሽን ሳይወጣ የተላለፈ፣ ቁጥሩ ያልተሞላ፣ ግን ውስጡ ሙሉ የሆነ ፓኬትም የራሱን ያግኝ። ዋናዋ ግን «አልተመረመረም» የምትለው ናት። እሷን ደግሞ ባዶ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይገባል፤ ማንም ምንም ሳይሰቅል ሲቀር ትርጉሙ «አላውቅም» ይሁን። ያኔ የረሳም የሰነፈም ካርድ ቢያንስ አይዋሽም። አላውቅም ሲባል ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል፤ ትንሽ ይዘገያል፣ ይዘግይ። ሐሳቡ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲመጣለት ደስ አለው። ወዲያው ግን ለማን እንደሚነግረው ትዝ ሲለው ደስታው ጠፋ።

ኸይሩ በመስታወቱ እያየው ነበር። «ኢንጂነር፣ ሙሽኪላ አለ? ችግር?»

ሥራ ነው አለው ሸዋንዳኝ።

«ዋላሂ፣ ሙሽኪላ የሌለበት ሹግል አይቼ አላውቅም» አለና ኸይሩ የቆመውን መኪና አንድ ስንዝር ወደ ፊት አስጠጋው።

ያን ዕለት እራት ከተበላ በኋላ ለትብለጥ ነገራት። ሁሌ እንዲህ አያደርግም፤ የቢሮ ጭንቀቱን ደጅ ትቶ መግባት ለሚስት ማዘን ይመስለዋል። እሷ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የያብሰራን ፀጉር እየጎነጎነች ሰማችው። የባንዲራውን ነገር ከእሱ አፍ ቶሎ ተረዳችው፤ መድኃኒት ቤት የሠራች ሰው ያልታየ ነገር እንደታየ ሲቆጠር ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ስለ ውሉ ሲነግራት ግን እጇ የልጅቷ ፀጉር ላይ ቆመ።

«ብትናገር ያባርሩሃል?»

«ሊያባርሩኝ ይችላሉ። የእናንተም ፈቃድ ከእኔ ጋር ይሰረዛል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወደ አገር ቤት ነዋ።»

ትብለጥ ጉንጉኑን ጨርሳ፣ ጫፉን አስራ፣ ልጅቷን ወደ መኝታ ላከቻት። ከዚያ ቀና ሳትል መቼ ለመናገር እንዳሰበ ጠየቀችው። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፈርታለች አለ በልቡ። አይዞሽ፣ እንደምንም ዝም ብዬ አሳልፈዋለሁ አላት። ያኔ ቀና ብላ አየችው።

«የታመመ ሰው ምስል ነው ብለኸኝ የለም እንዴ? ዝም አትበል። ነገ ተናገር።»

እንዲህ ያለች ሚስት የሰጠውን አመሰገነ። ኑሮዋ ሁሉ ሊፈርስ ሳለ ለማታውቀው በሽተኛ የምትቆም። ጠዋት ሲነሳ ነጭ ሸሚዙ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሏል። በር ድረስ ሸኘችውና ኮሌታውን አስተካከለችለት፤ ከሠርጋቸው ወዲህ ያላደረገችው ነገር ነው።

ቢሮ እንደደረሰ በቀጥታ ሚስተር ቶማስ ክፍል ገባ። ቁጭ በል ሲሉት አልተቀመጠም፤ ከተቀመጠ የማይናገር መሰለው። አሮጌውን ካርድ ጠረጴዛቸው ላይ አኖረና ያየውን ሁሉ አንድ በአንድ ነገራቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙት። ሲጨርስ ቆጣ አላሉም፤ ግራ ነበር የተጋቡት።

«ግን አንተ አይተኸው ምንም አላልክም» አሉ።

«ምንም አላልኩም፣ ሚስተር ቶማስ። ዝም ያልኩት ግን ተስማምቼ አይደለም። ካርዱም ዝም ያለው ፓኬቱ ደህና ሆኖ አይደለም።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ካርዱን አገላበጡት። ከዚያ ሸዋንዳኝ ያልጠበቀውን ጠየቁት።

«እስከዛሬ አብረን ስንሠራ እንዲህ ዝም ያልክብኝ ሌላም አለ?»

ሸዋንዳኝ አንገቱን ደፋ። ይህን ዓይነቱን አንገት መድፋት አሁን ገና ተረዱት መሰል፣ መልሱን ሳይጠብቁ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ተከፍተዋል። ሸዋንዳኝም ያን ፊት ከማይ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር ብሎ አሰበ።

አላባረሩትም። ያን ቀን የሆነውን ሲያስብ አሁንም ይገርመዋል። ሚስተር ቶማስ ደንበኛው ጋ ራሳቸው ደውለው ርክክቡ እንደሚዘገይ ተናገሩ፤ ምክንያቱ የእኔ ንድፍ ነው አሉ፣ የማንንም ስም አላነሱም። ከሰዓት በኋላ ሰሌዳው ፊት ሁለቱ ብቻ ቆመው አራቱን ባንዲራዎች ጻፉ። ባዶው ቦታ «አላውቅም» ይሁን የሚለው ላይ ሲደርሱ ሽማግሌው ይህን ከመጀመሪያው ባደርገው ኖሮ አሉ። ከዚያ በሩን ዘግተው ለተጨማሪ ሁለት ዓመት የሚያገለግለውን የሥራ ውል ፊቱ አቀረቡለት። ላይኞቹ ስለ መዘግየቱ ተጠያቂ መፈለግ ከመጀመራቸው በፊት ፈርም፣ እኔ ቆሜልሃለሁ፣ ከፈረምክ በኋላ ማንም አይነካህም አሉት። ሸዋንዳኝ ፈረመ። ለእንዲህ ያለው ሰው ከዚህ በኋላ በመሀል ጥዬ ልሂድ ማለት እንደማይቻል የታወቀ ነው፤ እሱም የመሄድ ሐሳብ አልነበረውም።

ሲመለስ ሻርጃ ላይ እንደተለመደው ቆሙ። ኸይሩ ኸላስ አለ። ሸዋንዳኝ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መንገዱ አልከበደውም። አል ራሺዲያ ሲወርድ ያብሰራ የምትወደውን የማንጎ ኬክ ገዛ። ትብለጥ እንዴት በጭንቀት እንደዋለች እያሰበ ደረጃውን በሩጫ ወጣ።

በሩን ሲከፍት ትልቁ ሻንጣ ከቁምሳጥኑ አናት ወርዶ አልጋው ላይ ተከፍቶ ነበር። አቧራው ተጠርጓል። ትብለጥ ከአጠገቡ ቆማለች፤ ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ፊቷ በርቷል። እንዲህ ሆና ካያት ስንት ዘመኑ ነው።

«ተናገርክ?»

«ተናገርኩ። አላባረሩኝም፣ ትብሌ። ውሌን አደሱልኝ። ሁለት ዓመት።»

ፊቷ ላይ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ሄደ። ኬኩን ተቀበለችውና የት እንደምታስቀምጠው ያጣች ይመስል ይዛው ቆመች። እንኳን ደስ ያለህ አለችው፤ ደግ ናትና። ሸዋንዳኝ ያኔ ነው ሻንጣው ውስጥ ያየው። ሹራቦች ነበሩ። የሕፃን ሹራቦች፣ ወፍራም፣ አጅማን ውስጥ ማንም የማይለብሳቸው። አንዷን አነሳት፤ ገና ለምትድህ ልጅ የምትሆን ነበረች። ከሥሯ ከእሷ ከፍ ያለች፣ ከዚያም ከፍ ያለች፤ አንዳቸውም አልተለበሱም፣ የዋጋ ወረቀታቸው እንኳ ከአንገታቸው አልተቆረጠም።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ደብረ ብርሃን ይበርዳል» አለች። «በያመቱ አንድ ከካራማ ገበያ እገዛለሁ። ዘንድሮ እንሄድ ይሆናል እያልኩ።»

«አንድ ቀን እንኳ ልሂድ ብለሽ አታውቂም።»

«አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸኝ አታውቅም።»

ሸዋንዳኝ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ፈረምክ?» አለችው።

«ፈረምኩ።»

ትብለጥ ከሻንጣው ሥር ያለችውን፣ ትልቋን ቀይ ሹራብ አወጣች። ያብሰራን ጠራቻትና ከጀርባዋ ላይ ለካቻት። እጅጌው ልክክ ብሎ የልጅቷ የእጅ አንጓ ላይ ደረሰ። ሹራቧን አጥፋ ከሌሎቹ ላይ መልሳ አኖረቻት።

«እንግዲያው ይቺም ልታጥራት ነው» አለች።